ከሊድን ፉል እንዳታቀምሺው

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ እታለም ፋኢዛ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ጅዳ ድረስ ይግባልሽ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? እህል በአፍሽ ይገባል ወይ? እንቅልፍስ ዐይንሽን ይጎበኘዋል? ባለቤትሽ ዘይኑልአቢዲንስ እንዴት ነው፣ ያ የሚያመው ወገቡ ተሻለው? ትንሹ ከሊድስ? መቀመጥ ቻለ? ጥርስ አወጣ? እኛ ሁላችን ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በሥጋችን ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። በልባችን እንዴት እንደሆንን ግን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

እታለም፣ ይህን ደብዳቤ ገና ከእኔ እንደመጣ ስታዪ ልትቀጂው ትችያለሽ። ስልኬን እንደምትዘጊው ማለት ነው። አልቀየምሽም። ብቻ ከመቅደድሽ በፊት ይችን አንዲት ነገር አንብቢልኝ። ከሊድን ፉል እንዳታቀምሺው። ባቄላ የሚባል ነገር ሁሉ፣ እሸትም ይሁን፣ ቅቅልም ይሁን፣ የተፈጨም ይሁን፣ በአፉ እንዳይዞር። አንቺም እያጠባሽው እስካለሽ ድረስ አትብዪ። ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪም ቤት ውሰጂውና ደሙን ይመርምሩልሽ። እናንተ ባላችሁበት አገር ሐኪሞቹ ይህን በሽታ አሳምረው ያውቁታል አሉኝ። ከዚህ በታች ያለውን ለማንበብ አቅም ካጣሽ ዘይኑ ያንብብልሽ።

ይህን ለዘይኑ በስልክ ነግሬው ነበር። እሱም እንደነገረሽ፣ አንቺም «ደግሞ አሁን በእህል ያመካኛሉ?» ብለሽ እንደጮኽሽበት አጫወተኝ። «የእናቷን ስም ካነሳሁ ከክፍሉ ወጥታ ትሄዳለች። እኔ ቀን ቀን ሥራ ላይ ነኝ፣ ፉል ደግሞ እዚህ በየማለዳው ከደጅ አይጠፋም። አንተው ከሥሩ ጀምረህ ጻፍላት፤ ነገሩ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ካላወቀች አታምንም» አለኝ። ስለዚህ ከሥሩ እጽፍልሻለሁ። ደብዳቤውን ይዛልሽ የመጣችው ሸሪፋ ናት፤ ከእኔ ጋር በፋብሪካው ፈትል ክፍል ትሠራ የነበረች የሐርቡ ልጅ። በእጇ ለእጅሽ ካልሰጠች እንደማትመለስ ቃል ገብታልኛለች።

በመጨረሻ የደወልሽ ቀን «ልጄን ምን አበላችሁት?» ብለሽ ነበር የጠየቅሽኝ። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር እማም ሰማችው። ያን ጊዜ  ሐዘን ያቃጠለው ሰው የሚናገረው ነው ብዬ አለፍኩት። እታለም፣ ጥያቄሽ ልክ ነበር። ከሐኪሞቹ በስተቀር ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቅሽ አንቺ ብቻ ነሽ።

ልጅሽን ጁነይድን ከሐርቡ ያመጣሁት በሐምሌ እንደነበር ታውቂያለሽ። የአባቱ እናት ዐይኗ ደክሞ፣ ልጁን መጠበቅ እንዳቃታት ሰው ልካብሽ «ወደ እማ ይውጣ፤ ደጋ ይሻለዋል፤ ወባም የለም፤ ትምህርቱንም እዚያው ይጀምር» አልሽኝ። መልካም አሳቢ እናት የምትለውን ነው ያልሽው። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልሽ፣ ሌሊት ሌሊት ምን እያሰብሽ እንደምትተኚ ስለማውቅ ነው። በዚያ ሐሳብ ራስሽን አትግረፊ።

የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ መኪናው ውስጥ ጆሮውን እያሸ «አጎቴ፣ ወደ ሰማይ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ደሴ ላይ ከመኪና ወርደን በእግር ወደ እማ ቤት ስንሄድ ዝናብ ያዘንና በረዶ ጣለ። በረዶ አይቶ አያውቅም፤ ጨው መስሎት ለቅሞ ቀመሰው። እማ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ ልጁን ጠምጥማ ይዛ እስኪበቃት አለቀሰች። አንቺን በትንሽነትሽ ነው የሚመስለው፣ በተለይ ሲኮራ። ብርዱን እስኪለምደው ድረስ የእኔን ሹራብ እጅጌውን ጠቅልላ አለበሰችው። ወላሂ፣ አባ ከሞተ ወዲህ የእማ ቤት እንዲያ ሞቆ አያውቅም። እኔና ባለቤቴ ቢልቂስ በየሳምንቱ ስንሄድ የምንሰማው ሁሉ የእሱ ወሬ ነበር፤ ጥጃዋን ምን ብሎ ስም እንዳወጣላት፣ ጎረቤቱን ምን ብሎ እንዳሳቀ። መስከረም ላይ ትምህርት ገባ። ፊደል ሲማር መጀመሪያ የፈለገው ስምሽን መጻፍ ነበር፤ «ፋ»ን ግን ጭራዋን ወደየት እንደሚያዞራት ስለማያውቅ በተገላቢጦሽ ይጽፋት ነበር።

ጥቅምት ገባ። እንደምታውቂው በዚያ ወር እኛ ሰፈር ባቄላው እሸት ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ማሳው ዳር ተቀምጦ ይበላል። ጁነይድ እሸት ባቄላ በልቶ አያውቅም ነበር። ሐርቡ ያደገው በማሽላ ነዋ። እማ ከማሳው ቀጥፋ ስትሰጠው «ስኳር ነው!» እያለ ከእጇ ይነጥቃት ጀመር። እሷም ልጅ በልቶ ሲጠግብ ማየት የምትወድ ሰው ናት፤ አንቺው ታውቂያታለሽ። ጁሙዓ ቀን እኔም ሄጄ ሦስታችን ከማሳው ዳር ተቀመጥን። በመካከላችን ሰፌድ አለ፤ እኔ እየፈለፈልኩ እሱ ይበላል፤ እኔም እበላለሁ፤ እማም ትበላለች። ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ሰፌድ፣ አንድ ዓይነት እህል። እኔ ምንም አልሆንኩም። እማም ምንም አልሆነችም። 

እኔ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በማግሥቱ ልጁ ደከመኝ ብሎ ዋለ። እሑድ ጠዋት ከጓሮ እየሳቀ መጥቶ «አያቴ፣ ሻይ ሸናሁ!» አላት። እማ ወጥታ ስታይ እውነትም ጠቁሮ እንደ ሻይ ሆኗል። ቀና ብላ ዐይኑን አየችው፤ ቢጫ ነው።  ይህን አይታው ታውቃለቻ። ወንድማችንን በሺርን እኔ አላስታውሰውም፤ ገና ጡት ላይ ነበርኩ። አንቺ ግን ታስታውሺዋለሽ፤ አዝለሽው ትዞሪ ነበር ይላሉ። እሱም በጥቅምት፣ በእሸት ወቅት፣ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተው። ያኔ «የወፍ በሽታ ነው፤ በላዩ ወፍ አልፎበት ነው» ተባለ፤ ተቀበረ፤ በዚያው ቀረ። ስለዚህ እማ ጁነይድን አዝላ ወደ አባ ደጉ ሮጠች። እሳቸው የወፍ በሽታ መድኃኒት ያውቃሉ፤ ስንቱን ሰው አድነዋል ይባላል። ቅጠል ቀጥቅጠው በወተት ሰጡት። ልጁን አስመለሰው። «መድኃኒቱ ሲሠራ ነው» አሉ። ክፉ አስበው አይደለም እታለም። የሚያውቁትን አደረጉ።

በማግሥቱ መቆም አቃተው። ከንፈሩ ነጣ። ጎረቤት ደወለልኝና ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ እየበረርኩ ወጣሁ። አዝዬው ቁልቁል ወደ መኪናው መንገድ ስወርድ ልቡ ጀርባዬ ላይ እንደ ወፍ ጫጩት ሲመታ ይሰማኝ ነበር። እማ ከኋላዬ ነጠላዋ እየወደቀ፣ እያነሳች፣ ዱዓ እያደረገች ትከተለኛለች። ደሴ ሐኪም ቤት ስንደርስ ወዲያው ተቀበሉን። ዶክተር ምንይሉ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ዐይኑን ገልጠው፣ ሆዱን ዳስሰው፣ ደሙን አስወስደው ተመለሱና እማን «እማማ፣ ሰሞኑን ምን በላ?» አሏት።

«ምን ያልበላው አለ ዶክተር። እንጀራ በላ፣ ወተት ጠጣ፣ እሸት በላ።»

«የምን እሸት?»

«የባቄላ።»

 ዶክተሩ ወንበር ስበው ከፊቷ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከዚህ በፊት ወንድ ልጅ ሞቶብዎት ያውቃል?» አሏት። እማ መጀመሪያ መሬት መሬት አየች። ከዚያ «በሺር» አለች። ስሙን ከአፏ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

የልጁ ደም አልቆ ነበር እታለም። በሰውነቱ ውስጥ እንዳለ ፈርሶ፣ በሽንቱ ወጥቶ አልቆ ነበር። ያ ሻይ ያለው ነገር የራሱ ደም ኖሯል። የሚገጥመው ደም ተገኝቶ ተንጠለጠለለት፤ እኔም በምትኩ የእኔን ሰጠሁ። ከቀትር በኋላ ከንፈሩ ቀላ፤ ዐይኑን ገለጠ፤ እማ «አልሐምዱሊላህ» እያለች እግሩን ሳመችው። ከረጢቱን አየና «የማን ደም ነው?» አለኝ። አንድ ደግ ሰው የሰጠው ነው አልኩት። «ስሙን ካላወቅን እንዴት እናመሰግነዋለን?» አለኝ።  ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ለእማዬ እንዳትነግሯት፤ ትደነግጣለች። ሲሻለኝ ራሴ እነግራታለሁ» አለ።

«እየታመመ ለምን አልደወላችሁልኝም» ብለሻል። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። እሱ እንዲህ አለ፤ እኛም ደም ገብቶለት ሲቀላ አይተን ዳነ ብለን አመንን። ነገ ድምፁን ትሰማለች፣ ራሱ ያወራታል አልን። ነገ የሚባለው ቀን ግን ለእሱ አልነበረም። የፈረሰው ደም ኩላሊቱን ጎድቶት ኖሮ በማግሥቱ ሰውነቱ አበጠ፤ ትንፋሹ አጠረ። ዶክተሩና ነርሶቹ ከአጠገቡ አልተለዩም፤ የሚችሉትን ሁሉ ሞከሩ። በዓሱር ሶላት ሰዓት እጁ በእማ እጅ ውስጥ እንዳለ ሄደ። ኢናሊላሂ ወኢናኢለይሂ ራጂዑን። አልተጨነቀም እታለም። ይህን ለማጽናናት ብዬ የፈጠርኩት እንዳይመስልሽ። እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ነበር።

ጀናዛውን ወደ ሰፈር ወሰድን። አገሩ ሁሉ ወጥቶ ሰገደበት። በሺር አጠገብ ነው ያረፈው። ለአንቺ መርዶውን ያደረሱልሽ እዚያ ጅዳ ያሉት የወሎ እናቶች ጎህ ሲቀድ ቤትሽ እንደሄዱ ዘይኑ ነግሮኛል። በአጠገብሽ ባለመሆናችን ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዶክተር ምንይሉ ደም ከመሰጠቱ በፊት ከልጁ የወሰዱትን ደም ለምርመራ አዲስ አበባ ልከውት ኖሯል። በቅርቡ ውጤቱ መጣ፤ ደውለው ጠሩኝ። ለብቻዬ ልሄድ ነበር፤ እማ «እኔም እሰማለሁ» ብላ እምቢ አለች። ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ ከቢልቂስ እናት ቤት አድራ ጠዋት ከእኔ ጋር ሄደች።

ዶክተሩ ቀስ ብለው አስረዱን። እንደገባኝ ልጻፍልሽ። በሰው ደም ውስጥ ደሙን ከሚያቃጥለው ነገር የሚጠብቅ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ይህ ጠባቂ ይጎድለዋል። ጎድሎትም ዕድሜ ልኩን ምንም ሳይሆን ሊኖር ይችላል፤ ይሮጣል፣ ይማራል፣ ይሠራል። ባቄላ ውስጥ ደግሞ፣ ይበልጡን በእሸቱ፣ ደም የሚያቃጥል ነገር አለ። እኔና እማ ስንበላው ጠባቂው ይመክትልናል። ጁነይድ ሲበላው ግን የሚመክት የለም፤ ደሙ ፈረሰ። «ባቄላው ለብቻው አይገድልም፤ ይህ ደምም ለብቻው አይገድልም። የተገናኙ ዕለት ነው» አሉ። ሐርቡ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ሳይታወቅ ያድግ ነበር። እማ ስታዳምጥ ቆየችና «እህልና ሥጋው ተጣሉ ነው የሚሉኝ?» አለች። «አዎ እማማ፣ ከዚህ የተሻለ አነጋገር የለም» አሏት።

ከዚያ እማ ያን የፈራሁትን ጠየቀች። ደሙ ከየት መጣ አለች። ዶክተሩ አልዋሹም። ይህ ነገር በእናት በኩል ይመጣል አሉ። ሴቷ ትሸከመዋለች፤ እሷን አብዛኛውን ጊዜ አያማትም፤ ለልጆቿ ግን እንደ ዕጣ ነው፤ ለአንዱ ይደርሳል፣ ሌላውን ያልፋል። ጥንት ወባ በበዛበት ቆላ የኖረ ሰው ዘንድ ይገኛል፤ ከወባ የሚከልል ነገር አለው ይባላል አሉ። እማ የሐርቡ ልጅ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ ለአባ ተድራ ነው ደጋ የወጣችው። ለበሺር ደረሰው። እኔን አለፈኝ፤ የእኔንም ደም አይተውታል። ለአንቺ ደረሰሽ፤ ከአንቺም ወደ ጁነይድ ሄደ።

ዶክተሩ ሊያጽናኗት ብለው «ይህ ጥፋት አይደለም እማማ። ዐይንዎ ጥቁር የሆነው በእርስዎ ጥፋት ነው እንዴ?» አሏት። እማ ቀና ብላ አየቻቸውና «ዐይኔ መጥቆሩ ልጅ አልገደለም» አለች። ሰውየው  መነጽራቸውን አውልቀው ያዙት። እማም «ደሙም ከእኔ፣ ባቄላውም ከእኔ» አለች። እታለም፣ ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል ግን አንጀቴን የበላው ነገር የለም።

ዶክተሩ ግን አልጨረሱም ነበር። «ሴት ልጅ አለዎት፤ ሌላ ወንድ ልጅ አላት?» ሲሉ እማ ከወንበሩ ተነሳች። እንዲያ ፈጥና ስትነሳ ከቀብሩ ወዲህ አላየኋትም። «ሀፊዝ፣ ደውልላት፤ አሁኑኑ ደውልላት!» አለችኝ። ደወልኩልሽ። አላነሳሽውም። ደግሜ ደወልኩ። «በእኔ ምክንያት ነው የማታነሳው፤ እኔ የለሁም በላት፤ እኔ ሞቻለሁ በላት፣ ብቻ ልጁን ታድን» እያለች ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ ጮኸች። የማናውቃቸው አስታማሚዎች ደግፈው አነሷት።

ዶክተሩ ለአንቺ ንገሩልኝ ያሉት ይህን ነው። ከሊድ ይህ ነገር ይኑረው አይኑረው ሳይመረመር አይታወቅም፤ ሊያልፈውም ይችላል። ካለበትም በሽተኛ ልጅ ነው ማለት አይደለም። ከባቄላ ይራቅ፤ ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር፣ በተለይ የወባ መድኃኒት ሊሰጡት ከሆነ፣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ደሙን የሚያፈርሱ መድኃኒቶች ስላሉ። ዐይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሳታመነቺ ሩጪ። ይህን ያወቀች እናት ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ሸምግሎ ይኖራል አሉ። ይህን ሲሉ በሆዴ «ያወቀች» የምትለዋን ቃል ደጋገምኳት። እማ አላወቀችም እታለም። በሺርን ስትቀብር የነገራት የለም።

ከዚያ ወዲህ እማ ምን እንዳደረገች ልንገርሽ። ወደ ሰፈር እንደተመለሰች ቤቷ እንኳ ሳትገባ ወደ አባ ደጉ ሄደች። ልትጣላቸው መስሎኝ ተከተልኳት። ሽማግሌው ገና ሲያዩዋት አንገታቸውን ደፉ። እሷ ግን «አባ ደጉ፣ ወቀሳ ይዤ አልመጣሁም። ከእንግዲህ ሽንቱ የጠቆረ ልጅ ከመጣብዎት ምንም ሳያቀምሱ ወደ ደሴ ይላኩልኝ፤ ስለ ጁነይድ ብለው» አለቻቸው። እሳቸውም «በላኢላሃ ኢለላህ፣ እልካለሁ» ብለው ማሉ፤ አለቀሱም። ከዚያ ትንሽ ልጅ ያላቸውን እናቶች በየቤታቸው እየዞረች ነገረቻቸው። አንዳንዷ ሐዘን ያናወዛት መስሏት «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ብላ ትሸኛታለች። እሷ ግን አትቀየምም፤ ወደሚቀጥለው ደጃፍ ትሄዳለች።

ባቄላውን አጭጄ ወቃሁላት። እሷ አልነካችውም። እኔ ተናድጄ፣ ወደ ጎተራ አይገባም፣ ላቃጥለው አልኩ። «እህል አይሰደብም ልጄ፤ ለሌላው ልጅ ሲሳይ ነው» ብላ ለጎረቤቶቻችን በሰደቃ አስከፋፈለችው። ራሷ ግን እህል ከቀመሰች የምትቀምሰው ቢልቂስ እየለመነቻት ነው። ከስታለች እታለም። ስትሰግድ ከሱጁድ ለመነሳት እጇን መሬት ላይ ረጅም ጊዜ ታስደግፋለች። ኮምቦልቻ እኛ ዘንድ ትሁን ብለን ወሰድናት፤ ሳምንት አልሞላም፣ ማን መቃብራቸውን ያያል ብላ ተመለሰች።

እኔ ለእማ አማላጅ ሆኜ አልጻፍኩልሽም። ልጅ ያጣሽው አንቺ ነሽ፤ ስንት ዓመት በሰው ቤት የለፋሽለት ልጅ አፈር ሲገባ እንኳ አላየሽውም። ብትቆጪ፣ ብትረግሚ፣ ብትዘጊን ማን ይፈርድብሻል? የሆነውን ብቻ እንድታውቂ ፈለግሁ። ምን አበላችሁት ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ አያቱ ያላትን ከማሳዋ ቀጥፋ፣ ደስ ብሏት አበላችው። መልሱ ይኸው ነው።

ይህን ስጽፍ እማ አጠገቤ ናት። ለሸሪፋ ደብዳቤ እንደምሰጣት ስትሰማ ከሰፈር ወርዳ መጣች። ምን ልጻፍልሽ ብላት ይህን በልልኝ አለች፤ እንዳለችው አስቀምጠዋለሁ። «ልጄ ፋኢዛ፣ አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ። አውፍ ማለት ካቃተሽም ግድ የለም፤ አላህ ጊዜ ይሰጥሻል፤ ለእኔ ባይሰጠኝም። እኔ እናት ሆኜ ሁለት ጊዜ አላወቅሁም። አንቺ አሁን አውቀሻል፤ ልጅሽን ጠብቂ። እኔን አታናግሪኝ። ብቻ አንድ ቀን ሀፊዝ ሲደውል ስልኩን አንሽና ለከሊድ ጆሮ ስጪው። ምንም አልናገርም። ሲተነፍስ ብቻ ልስማው።»

ዘይኑልአቢዲንን ሰላም በይልኝ፤ አላህ ወገቡን ያጽናለት፤ ስለ ትዕግሥቱ ውለታው አለብኝ በይልኝ። ከሊድን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ። መርዶውን ያደረሱልሽን፣ አብረውሽ ያለቀሱትን የወሎ እናቶች ሁሉ አላህ ይስጥልን በያቸው። ቢልቂስ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሻለች። የጁነይድ የሐርቡዋ አያት ሸሪፋን መንገድ ላይ አግኝታ ሰላምታ ልካልሻለች፤ «ልጄ ብቻዋን አታልቅስ» ብላለች። አባ ደጉም ከጎረቤቶቻችን ሁሉ ጋር ሰላም ብለዋል። እማ ሰላምታዬን አትጻፍ ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ጽፌዋለሁ።

የምወድሽ ወንድምሽ
ሀፊዝ

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.